ጎታ ውስጥ የከረመ ሜዳልያ

(ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር በኮርያ ጦርነት ለዘመቱ አንድ የቃኘው ሻለቃ ወታደር የመታሰቢያ ድንጋይ ሲመረቅ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቦታው ያልተገኙ ሰዎች በጽሑፍ እንዳወጣው ስለ ጠየቁኝ ከማስታወሻዬና ከተቀዳው ድምፅ አስተካክዬ አቅርቤዋለሁ። ስማቸው በድንጋዩ ላይ ብቻ ይቅር ብለው ቤተሰቦቻቸው ስለ ለመኑኝ፣ እዚህ ላይ ሰፈሩ በሚጠራቸው ስም፣ “አባባ ኮርያ” ብዬ ጠርቻቸዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ፀሐዩ ሳይበረታብን ልጀምር። እናቶች፣ ወደ ድንኳኑ ጥላ ጠጋ በሉ። ወጣቶች ደግሞ እባካችሁ ከአስፋልቱ ወረድ በሉ፤ ባጃጅ ለንግግር አይቆምም።

የእድራችን ዳኛ “አሥር ደቂቃ” ብለውኛል። እኔ 31 ዓመት ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሥር ደቂቃ ለእኔ ስም መጥሪያም አትሞላም። ካስረዘምሁ ይቅር በሉኝ፤ ካላስረዘምሁ ግን ባለ ድንጋዩ አባባ ኮርያ ይቀየሙኛል። እሳቸው ራሳቸው ዝምተኛ ነበሩ እንጂ ሲያወሩላቸው አይጠሉም ነበር።

አሁን ነጠላ ለብሶ የቆመው ድንጋይ ያለበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። ከዚህ ወይራ ሥር ጎሚስታቸው ነበረች። አንድ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት መዶሻ፣ ቀዳዳ መፈለጊያ አንድ ሳፋ ውኃ፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ አሮጌ ከመነዳሪዎች። እኛ ልጆቹ ሳፋውን እንይዝላቸዋለን፤ እሳቸው የተነፋውን ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ አረፋ ስትወጣ መጀመሪያ ያያት ልጅ አምስት ሳንቲም ያገኛል። ሰፈሩ በሙሉ “አባባ ኮርያ” ይላቸው ነበር። እኔ እስከ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ኮርያ የጎማ ስም ይመስለኝ ነበር። ፒሬሊ አለ፣ ሚሸሊን አለ፣ ኮርያም ይኖራል ብዬ።

አባባ ኮርያ የተወለዱት በ1922 ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928፣ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው ስታራቼ ወታደሩን በካሚዮን ጭኖ ጎንደር ገባ። ልጁ ያን ያህል መኪና ባንድ ላይ አይቶ አያውቅም። ኋላ ለእኔ ሲነግሩኝ ከሁሉ የሚያስታውሱት ሽታውን ነበር፤ የቤንዚንና የትኩስ ጎማ ሽታ። “ያን ቀን ነው መሰለኝ ጎማ የለከፈኝ” ብለው ሳቁ። እንዲህ ያለ ቀልድ በዓመት አንዴ ከሰማሁ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፒያሳ ዛሬም ቆሞ ይመሰክራል። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ግራና ቀኙ ፎቅ ጣሊያን ሊኖርበት ብሎ የሠራው ነው። ሲሠራም አርበኛው አርማጭሆና ወልቃይት ላይ አላስተኛውም። እኛ ጎንደሬዎች ግን ስለዚያ ዘመን ስናወራ የምንዘላት አንድ ነገር አለች። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። አዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማዋን ሰቅላ እልል ካለች በኋላ እኛ ከስድስት ወር በላይ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ጠላት ሥር ነበርን። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ጦር ይዞ እዚህ መሽጓል፤ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ምሽግ ይህች የእኛ ከተማ ነበረች።

ነጻ ያወጣንስ ማን ነው? ብዙውን ጊዜ “አርበኛውና እንግሊዝ” ብለን እናልፋለን። አርበኛው እውነት ነው፤ ያለ አርበኛው አይሆንም ነበር። “እንግሊዝ” የምንለው ጦር ግን ብዙው አፍሪካዊ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቁልቋል በር ላይ ከአርበኛው ጋር የተዋጋው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ነው። ኅዳር 18 ቀን ወደ ጎንደር ከተጠጉት ብረት ለበስ መኪኖች መካከል የኬንያ ነበሩበት። ይህን እስከ ደረቱ ጥይት ታጥቆ የመጣ ጥቁር ወታደር፣ አማርኛ የማይናገር፣ ጎንደርን በስሟ እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ወታደር፣ የ12 ዓመቱ ልጅ አይቶታል። ቁልቋል በር ላይ ከእነሱ የቀሩም እንዳሉ ሰምቷል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ድንጋይ እናቁም ብለን እድራችን ውስጥ ስንከራከር አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው፣ “ጎንደር ለገዛ መሬቷ የወደቁ ስንት አርበኞች ድንጋይ ሳይቆምላቸው፣ ለሰው አገር ጦርነት ለሄደ ሰው ማቆም ምን ይሉታል?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አላጣጥለውም። የመጀመሪያው እኩሌታ ልክ ነው፤ የአርበኞቻችንንም ድንጋይ እናቁም፣ እኔ ኮሚቴ እገባለሁ። ሁለተኛው እኩሌታ ላይ ግን አባባ ኮርያ ራሳቸው አንድ ቀን መልሰውልኛል። ለምን ኮርያ እንደ ሄዱ ስጠይቃቸው፣ “እዚህ የመጣውን የኬንያ ልጅ ማን አዘዘው?” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ ጎማቸውን መንፋት ቀጠሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ የመንግሥታት ማኅበርን የለመኑት ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲወረር ሌላው ይድረስለት። አልደረሱልንም። በ1942 ሰሜን ኮርያ ደቡብ ኮርያን ወርሮ የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲያደርግ፣ ኢትዮጵያ “እኛስ ያኔ ምን ብለን ነበር?” የሚል ጥያቄ ፊቷ ተደቀነ። ቤተ መንግሥቱ የራሱ ስሌት አልነበረውም አልልም፤ ነበረው። ከአሜሪካ መሣሪያና ወዳጅነት ይፈለግ ነበር፣ የኤርትራም ጉዳይ ነበረ። ወታደሩ ግን ስሌቱን ይዞ አይደለም መርከብ የወጣው።

ሻለቃው ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ተቋቋመ። ስሙም ቃኘው ተባለ፤ የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን “አባ ታጠቅ” ብሎ ለሚጠራ አገር የፈረስ ስም ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቃሉ ራሱ ግን ይገርመኛል። ቃኘ ስንል አንድም ክራር ቃኘ ነው፣ አንድም የጠላትን ሰፈር ተመለከተ፣ ሰለለ ነው። ቃኘው ሻለቃም ኮርያ ላይ ስም ያወጣው በሌሊት ቅኝት ነበር።

በሚያዝያ 1943 በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፣ ጄኔራል ማክሬ በተባለ የአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ፣ በዚያው ሚያዝያ መጨረሻ ፑሳን ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት 10ኛ ዓመት የሚከበርበት ሰሞን ነበር። የዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ መሪ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ፑሳን ላይ የአሜሪካን መሣሪያ ሠልጥነው ከ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ።

ስለ ውጊያው አባባ ኮርያ ሁለት ነገር ብቻ ነው የነገሩኝ። ሁለቱንም እንደ ነገሩኝ እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ስለ ተራሮቹ ነው። “እዚያ አገር ተራራው ስም የለውም” አሉኝ። በወታደሩ ካርታ ላይ ኮረብታው የሚጠራው በከፍታው ሜትር ነው፤ ስድስት መቶ ምናምን፣ ሰባት መቶ። እዚህ አገር ያደገ ሰው አስቡት። የእኛ ጉብታ ሁሉ ስም አለው፤ አናቱ ላይ ማርያም አለች፣ ወይ ሚካኤል አለ፣ ወገቡ ላይ ያረሰው ሰው ስም ይጠራል። እሳቸው በቁጥር ለሚጠራ ተራራ መድማት ከበዳቸው። ስለዚህ የእሳቸው ጓድ ተራሮቹን የራሱን ስም አወጣላቸው። አንዱን “ወገራ” አሉት፣ ብርዱ ስለሚመስል። አንዱን “ጎሃ” አሉት። የኮርያ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ቢያንስ ሦስት ጎንደሬዎች ግን አንድ ክረምት “ጎሃ” አናት ላይ በረዶ ሲዝቁ አድረዋል።

ሁለተኛው ስለ ትከሻቸው ነው። ግራ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ሌሊት ቅኝት ወጥተው ጓደኛቸው ቆሰለ። ቁልቁለቱን ተሸክመውት ወረዱ፤ እሳቸውም ተመትተው ኖሯል፣ ያወቁት ግን ሲያወርዱት ነው። “ደሙ የሱ መስሎኝ” አሉ። ለዚህ ነው የተሸለሙት። የቆሰለውን ወይም የሞተውን ጥሎ አለመመለስ በቃኘው ዘንድ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ልማድ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ በየተራ የተተካኩት ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፣ ከ500 በላይ ቆስሎባቸዋል፤ ምርኮኛ ግን አንድም አልነበራቸውም። እስረኞች ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ በኩል የሚጠራ ስም አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳልያው ልናገር፤ ወጣቶቹ እንዲያዩት ዛሬ ልጃቸው ይዛው መጥታለች። ይህ የነሐሱ፣ ሪባኑ በቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር የተሰመረው፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳልያ ነው። ሜዳልያው ለየዘማቹ አገር በየቋንቋው ተሠርቷል። ለኢትዮጵያ የተሠራው በአማርኛ ነው። ከላይ ያለችውን ዘንግ ተመልከቱ፤ በእኛ ፊደል “ኮርያ” ትላለች። ሪባኑ ውስጥ ገብታ የቀረችውን ቡናማ ትቢያም ተመልከቱ፤ ባለቤታቸው እትዬ እንዳይታጠብ ከልክለዋል። ትቢያው የጤፍ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

አባባ ኮርያ ተመልሰው ክብር ዘበኛ ውስጥ ቆዩ። ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት መጣ። እሳቸው ከሤራው አልነበሩበትም፤ ዩኒፎርሙ ግን ነበረባቸው። ግርግሩ ሲበርድ ክብር ዘበኛ ተበተነ፤ ብዙው ወታደር ወደ ሌላ ተዛወረ፣ ብዙው ተሰናበተ። እሳቸው ተሰናብተው አገራቸው ገቡ። “የት ነበርህ?” ሲባሉ “ክብር ዘበኛ” ማለት ያን ጊዜ ሰው ራቅ ያደርጋል። ስለዚህ “ኮርያ ነበርሁ” ይሉ ጀመር። ቅጽል ስማቸው እንዲህ ነው የወጣው፤ ለመኩራት አይደለም፣ ሌላውን ቃል ለመሸሸግ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ኮርያም የማይነገር ቃል ሆነ። አብዮቱ መጣ፤ ደርግ ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ያኛውን ወገን የወጋ፣ የአሜሪካ ሜዳልያ ያለው ሰው ምን ይባላል? በቀይ ሽብር ዘመን ጎንደር ላይ የነበረውን ያየ አይጠይቀኝም። ቤት ለቤት ፍተሻ በነበረበት ሰሞን፣ እትዬ ሜዳልያዎቹን በጨርቅ ቋጥረው እህል ጎታው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበሯቸው። ፈታሾቹ መጡ፤ አልጋ ገለበጡ፣ ሣጥን ፈቱ፣ አንደኛው እጁን ጎታው ውስጥ እስከ ክርኑ ድረስ ከተተ። እትዬ፣ ይህን ሲነግሩኝ ምን እንዳሉ ልናገር? ይፈቅዳሉ? “ከክርኑ አንድ ስንዝር ቢወርድ ኖሮ ዛሬ ድንጋይ የምታቆሙት ለሁለት ሰው ነበር” አሉኝ።

ጤፉ በየዓመቱ ይተካል፤ ቋጠሮው ይወጣና አዲሱ ጤፍ ሥር ይመለሳል። እንዲህ ከ13 ዓመት በላይ ከረመ። በ1977 አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ሲመረቅ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ሰልፍ ወጥቻለሁ። የሐውልቱን ምስሎች የሠሩት ሰሜን ኮርያውያን ናቸው። ኦጋዴን ላይ የወደቀውን ወታደራችንን ሊያከብር የቆመ ሐውልት ነው፣ ለሟቾቹ ይገባቸዋል፣ አልከራከርም። ግን የኢትዮጵያን ወታደር ፊት ፒዮንግያንግ ስትቀርጽ፣ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ወታደር ሜዳልያ ጎንደር ላይ ጤፍ ሥር ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የምስቀውንም የማዝነውንም አላውቀውም።

በዚያው ዘመን ቹንቾን በምትባል የደቡብ ኮርያ ከተማ ለእነሱ የቆመ ሐውልት ነበረ። በ1960 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሄደው የተገኙበት ነው፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ ልክ በመቶኛው ዓመት። አጠገቡ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ቡና ቤት ተከፍቶ ሰው ቡና ይጠጣል። ማለቴ፣ ባሕር ማዶ ባለ አገር ቃኘው ይታወሳል፤ እዚህ እኔ የታሪክ መምህሩ፣ ሳፋ የያዝሁላቸው ሰው ማን እንደ ሆኑ ለተማሪዎቼ አልተናገርሁም። ፈርቼ ነው። ይህን አንድ ቀን በማይክሮፎን እናገረዋለሁ እያልሁ ብዙ ጊዜ ስለ ዛትሁ ዛሬ ተናገርሁት።

በግንቦት 1983 መንግሥት ተለወጠ። ቀጥሎ በመጣው ጥምቀት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ አባባ ኮርያ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሦስቱን ሜዳልያ ደረታቸው ላይ ደርድረው ወጡ። ሰው ዘወር ብሎ አየ። ብዙው አላወቃቸውም። የሰፈራችን ልጆች፣ አሁን ትልልቅ ሰው የሆናችሁ፣ “አባባ፣ ይኼ ምንድነው?” እያላችሁ ስትከተሏቸው አስታውሳለሁ። ማግስቱን ሜዳልያውን አውልቀው እዚህ ወይራ ሥር ተመልሰው የኤን ስሪ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈቱ አገኘኋቸው።

ካረፉ 14 ዓመት ሆነ። ድንጋዩን ለማቆም ከተነሣን ሦስት። የፈቃዱን ነገር አሳጥራለሁ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገባን፤ “አይመለከተንም” ብሎ ወደ ሌላ መራን፤ ያኛው ወደ መጀመሪያው መለሰን፤ 11 ወር ሄደ። በመጨረሻ የፈረመልን ወጣት ባለሙያ ደብዳቤውን አንብቦ ቀና አለና፣ “ጎማ የሚጠግኑት ሽማግሌ ናቸው እንዴ?” አለ። አባቱ ሾፌር ነበር። በዚያው ቀን ማኅተም ተመታ።

የበለጠ የተጣላንበት ጽሑፉ ነው። ድንጋይ ጠራቢው በፊደል ቁጥር ነው የሚያስከፍለው፤ እግዜር ይስጠው፣ ከኮሚቴው ይልቅ እሱ ነው ያስተካከለን። የመጀመሪያው ረቂቅ “የማይበገረው፣ ቆራጡ፣ አገር ወዳዱ፣ የኢትዮጵያን ስም በዓለም አደባባይ ከፍ ያደረገው ጀግና” እያለ አንድ ገጽ ይሄዳል። ሒሳቡ ሲነገረን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብዕር አወጡ። “የማይበገረው” ወጣ። “ቆራጡ” ወጣ። “የዓለም አደባባይ” ሲወጣ የተቆጡ ነበሩ። “ጀግና” ላይ ደርሰን ሁለት ስብሰባ ፈጀን፤ ግማሹ ጀግና ሳይባል ምን ድንጋይ ነው አለ፣ እኔ ደግሞ ሥራው ከተጻፈ አንባቢው ራሱ ይበለው አልሁ። ያስታረቁን እትዬ ናቸው። “ጀግና ብትሉት ያፍራል፤ ጎሚስታውን ግን እንዳትረሱ” አሉ። ጎሚስታው በረቂቁ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። እኛ ሁላችን፣ ሳፋ የያዝንላቸው ሳንቀር፣ ወታደሩን ጽፈን ሰውየውን ረስተናል።

ስለዚህ አሁን የምታዩት ድንጋይ ላይ ስማቸው አለ፣ የተወለዱበትና ያረፉበት ዓመት አለ፣ ቃኘው ሻለቃና ኮርያ አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የተሸለሙበት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። መጨረሻው መስመር “እዚህ ቦታ ጎማ ይጠግኑ ነበር” ይላል። እብነ በረድ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ የእኛው ጥቁር ድንጋይ ተመረጠ፣ ርካሽ ስለሆነም ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወይም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ለምን አልቆመም የሚል ጥያቄም ነበረ። አጥር ያለው ቦታ ይጠበቃል፣ እውነት ነው። ግን እኚህ ሰው ክብራቸውን የያዙት ሁልጊዜ ክዳን ባለው ነገር ውስጥ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ይውል። አቧራውን ይጠጣ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው እንግዳ በመስኮት አይቶት ይለፍ፣ ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ተደግፎት ይቁም። ፍየል ቢተሻሸው አልቆጣም። የቤት ኪራይና የጥርስ ሕክምና ማስታወቂያ የለጠፈበት ግን ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ።

የእድር ዳኛችን ሰዓታቸውን ካዩ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። በቃኝ። ቄሱ ጸሎቱን ያደርሱልናል፤ ከዚያ ጠላ አለ፣ ድንኳኑ ጀርባ።

እትዬ፣ ይነሡ እንግዲህ። አንተ ልጅ፣ ክንዳቸውን ያዝ። ነጠላውን ከላይ አይሳቡት፣ ጫፉ ድንጋዩ ጥግ ላይ ተይዟል፤ ከዚህ፣ ከግራ በኩል።